ከጠላት የተማረከው ኮርቻ

«አንቺ ባል አታጪም። እኛ ግን ሌላ አያት ከየት እናመጣለን?»

ይህን ፊት ለፊቴ ያለኝ አጎቴ ነው፤ ያውም እኔ የሠራሁትን ሽሮ እየጠቀለለ።

አጎቴ የአባቴ ታላቅ ወንድም ነው። አባቴ ከሞተ ወዲህ አቃቂ በሰቃ ያለው ቤታችን አዛዥ ሆኗል። ከባቡር ሥራ ጡረታ ሲወጣ ደግሞ አዲስ ሥራ ያዘ፤ የአንድ ሟች ዝና ጠባቂነት። ሟቹ የአያቴ አያት ነው፤ ከመቶ ምናምን ዓመት በፊት፣ በነገሥታቱ ዘመን ወታደር ነበር። እኛ ቤት ግን ገና አልሞተም። ከእኛ ጋር ይበላል፣ ከእኛ ጋር ዜና ያያል። መብራት ሲጠፋ «እሱ በጨረቃ ነበር የሚዋጋው»፤ ውሃ ሲጠፋ «እሱ ሦስት ቀን ሳይጠጣ ተጉዟል»። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤቴ የመጣ ቀን እንኳ «እሱ ፊደል ሳይቆጥር አገር አቅንቷል» ተብዬ ነው የተጽናናሁት።

ከሁሉ በላይ ደግሞ ኮርቻው አለ። ሳሎን ግድግዳ ላይ፣ ከቴሌቪዥኑ በላይ ተሰቅሏል፤ ቆዳው የደረቀ፣ አንድ እርካብ የጎደለው። ከጠላት የማረከው ነው ይባላል። ሰባት ዓመት ዘምቶ፣ ሌላ ሴት ቀና ብሎ ሳያይ፣ በበቅሎ ላይ በዚያ ኮርቻ ተቀምጦ ወደ ሚስቱ ተመለሰ። ሚስቱስ ሰባቱን ዓመት ምን ስትሠራ ቆየች? ብዬ ጠይቄ አውቃለሁ። «ጠበቀችው» አለኝ አጎቴ። ማሳውን ማን እንዳረሰ፣ ልጆቹን ማን እንዳበላ የሚናገር ፉከራ የለንም።

እኔ ደግሞ የምወደው ሰው በያጅ ነው። ቃሊቲ ጋራዥ ውስጥ ይሠራል፣ ገላን ኮንዶሚኒየም ይኖራል። ባለፈው እሑድ ሦስት ሽማግሌ ላከ። በደንቡ ቆመው ለመኑ፣ ተቀመጡ ተባሉ፣ ተቀመጡ። ቀጥሎ ዘር መቁጠር መጣ፤ ሁለቱ ቤቶች ሰባት ትውልድ ካልተራራቁ ጋብቻ የለምና። እኔ ጓዳ በር ላይ ጆሮዬን ለጥፌያለሁ። አጎቴ ስለ ወታደሩ ከጀመረ እንግዳ እስኪያዛጋ ስለማያቆም፣ ጠዋት ለምኜው ነበር።

«ጋሼ በሞቴ፣ ዛሬ ቶሎ ቶሎ ቁጠር። እሱ ጋ ስትደርስ አትቁም፣ እለፍ።»

«እሺ አልኩሽ እኮ!»

አባቴን ቆጠረ፣ አያቴን ቆጠረ፣ የአያቴን አባት ቆጠረ። ወታደሩ ጋ ሲደርስ ብድግ አለ። ጋቢውን ትከሻው ላይ ጣል፣ ከዘራውን ወደ ላይ።

«እሱ የፎከረ ለት ደጋው ይጨሳል…»

«ቆላው ይርዳል፣ ወንዙ ይመለሳል!»

ሁለተኛውን ስንኝ ያለው አጎቴ አልነበረም። ከሽማግሌዎቹ ትልቁ፣ የበያጁ የአባቱ አጎት፣ ከወንበራቸው ሳይነሱ ጨረሱለት።

ከዘራው አየር ላይ ቀረ።

«ይሄን… ይሄን ከየት አመጡት?»

«እናቴ እያዘለች ያስተኛችኝ በዚህ ነው። የአያቷ ፉከራ ነው» አሉ ሽማግሌው።

«የፈረሱ ስም ማን ነበር?»

ነገሩት። ያው ነው። አጎቴ ዓይኑ እንባ ሞላ፤ ከደስታ! የእኔን ሠርግ በአንድ ስንኝ አፍርሶ፣ ዘመድ አገኘሁ ብሎ ሽማግሌውን አቀፋቸው።

ሽማግሌው ግን አልጨረሱም። «እኛ አገር ዘምቶ መጣና አለቆቹ ‹ቀለብህን ከዚህ ብላ› ብለው አንድ ገበሬ ቤት መሩት» አሉ። «ገበሬው እያረሰ፣ የገበሬው ልጅ እየፈጨች፣ እሱ እየፎከረ ተቀመጠ። ‹ሚስቴ ሞታብኛለች› ብሎ ልጅቷን አገባ። ሦስት ወለደ። አምስት ዓመት ኖሮ አንድ ጠዋት የአማቱን ኮርቻ ትከሻው ላይ ጣለና ‹በቅሎዋ ጠፍታለች፣ ልፈልጋት› ብሎ ወጣ። ይኸው እስከ ዛሬ እየፈለጋት ነው።» ከዚያ ቀና ብለው ግድግዳውን አዩ። «አንዱ እርካብ እኛ ቤት አለ።»

እናቴ ሳቋን አፍና ጓዳ ገባች። ሳሎን ውስጥ ደግሞ ተቆጠረ፤ በእኛ አምስት፣ በእነሱ ስድስት። ሰባት አልሞላም። «እህትና ወንድም ናቸው» ብለው፣ ቤቱን መርቀው ሄዱ።

በማግስቱ ምሳ ላይ ነው እንግዲህ አጎቴን የያዝኩት።

«ጋሼ፣ ሌላ ሰው ነው በላቸው።»

«ማን?»

«የእነሱ ወታደር። የኛው ሌላ ሴት አላየም ስትል አይደል የኖርከው? እንግዲያው የእነሱ ሌላ ነው። አለቀ።»

«ፉከራውስ?»

«ሰምተው የቀዱት ነው በል።»

«የኛን ፉከራ? ያን ፉከራ የማንም ነው ልበል?» ጉርሻው እጁ ላይ ቀረ። ያን ጊዜ ነው እንግዲህ ባል እንደማላጣ ያበሰረኝ።

ዕድሜ ልኩን አንድ ሚስት የነበረው ጀግና በአንድ እሑድ ሁለት ሲኖሩት፣ ጀግንነቱም እጥፍ ሆነ። የአማቱ ኮርቻም ያው ምርኮ ነው። አጎቴ ሁለቱን ቤት አገናኝቶ የዘር ማኅበር ሊያቋቁም፣ ቲሸርት ላይ የፈረሱን ስም ሊያሳትም ነው። እኔን ጸሐፊ አድርጎኛል፤ አሥራ ሁለት ተምሬያለሁና።

ሳህኑን እያነሳሁ ስልኬ ጮኸ። በያጁ ነው።

«እህት ዓለም» አለኝ።

«ጥርስህን እንዳላወልቀው።»

«እሺ፣ እሺ ተይው። ስሚኝ፤ እኔ ምንም አልቆጠርኩም፣ የቆጠሩት ሽማግሌዎች ናቸው። ወረዳ ሄደን እንፈርም። እነሱ ሰባት ቤት አይጠይቁም፤ መታወቂያና ጉርድ ፎቶ ነው የሚጠይቁት። ትመጫለሽ ወይስ ጸሐፊ ትሆኛለሽ?»

አጎቴ ሶፋው ላይ አፉን ከፍቶ ተኝቷል። ልብሴን በአንድ ቦርሳ ከተትኩ፣ መታወቂያዬን ያዝኩ። ከዚያ ወንበር ስቤ ወጣሁና ኮርቻውን ከምስማሩ አነሳሁት። የስንት ዓመት አቧራ ቴሌቪዥኑ ላይ ፈሰሰ። አጎቴ አልነቃም። ከመልኩ ይልቅ ቀላል ነበር፤ ትከሻዬ ላይ ጣልኩት።

እናቴ በሩ ላይ ቆማለች።

«ወዴት ነው?»

«በቅሎዋ ጠፍታለች» አልኳት፤ «ልፈልጋት።»

ኮርቻውን አየችው፣ ቦርሳዬን አየችው፤ ከበሩ ገለል አለችልኝ። ወጣሁ።