ቢላዋ የሌላት ጠባቂ

ከልጅነቴ ጀምሮ ፈሪ ነኝ። አዲስ ክፍል ስገባ መጀመሪያ የማየው በሩ ወደ ውስጥ ይሁን ወደ ውጭ እንደሚከፈት ነው። ባጃጅ ውስጥ ከዳር አልቀመጥም። አጋሮ ያለችው እናቴ ጅማ ኮሌጅ ስትገቢ ይለቅሻል ብላኝ ነበር፤ አልለቀቀኝም። ስለዚህ ጅማ መንደራ ቆጪ ሰፈር ውስጥ ከአንድ ልብስ ሰፊ ሱቅ ጀርባ ክፍል ተከራይተው ጌም የሚሠሩ ተማሪዎች አንድ ሰው ጎድሎናል ሲሉ፣ ልሞክር ብዬ የሄድኩት ምን ነክቶኝ እንደሆነ ዛሬም አላውቅም።

ሦስት ነበሩ። መሪያችን ዘንድሮ ተመራቂ ነው፤ ኮዱን የሚጽፈው እሱ ነው። ሲናገር ድምፁን ከፍ አያደርግም፤ ይህ ደግሞ የበለጠ ያስፈራኛል። ሁለተኛው ከአዲስ አበባ የመጣ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነው። ከሁላችን የተሻለ ይጫወታል፣ በሰው መቀለድ ይወዳል፣ ከመጣሁበት ቀን ጀምሮ "ፍሬሽ" እንጂ በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም። ሦስተኛዋ ሥዕሎቹን የምትሠራው ቦሳ አዲስ የሚባለው የጅማ ሰፈር ልጅ ናት።

የሚሠሩት ጌም በኢንተርኔት አራት ለአራት ሆነው የሚጫወቱት ነው። ሁለቱ ቡድኖች እያንዳንዳቸው ምሽግ አላቸው፤ የራስን እየጠበቁ የሌላውን መያዝ ነው ጨዋታው። በቡድኑ ውስጥ ያሉት አራት ካራክተሮች ሥራቸው ይለያያል። አንዱ ከፊት ሆኖ ምት ይቀበላል፣ አንዱ ያጠቃል፣ አንዱ የቆሰለውን ያክማል። የአራተኛው ሥራ ማየት ነው፤ ጠላት በየት በኩል እንደሚመጣ አይቶ ለጓደኞቹ መናገር። ይህን ማንም መንደፍ ስላልፈለገ ለእኔ ተሰጠኝ። ክፍሉ ውስጥ አራት ኮምፒውተር ብቻ ነው ያለው፣ መግባት የሚፈልጉ ሌሎች ተማሪዎችም አሉ። መሪያችን በመጀመሪያው ቀን በግልጽ ነግሮኛል፤ የነደፍኳት ካራክተር ጌሙ ውስጥ ከቆየች እቆያለሁ፣ ከወጣች ወንበሬን ለሌላ እለቃለሁ።

መጀመሪያ የነደፍኳት ጠባቂ መሣሪያ አልነበራትም። ከፍ ያለ ቦታ ወጥታ ትቀመጣለች። እንደተቀመጠች ሌሎቹ የማያዩትን፣ ሣር ውስጥ የተደበቀ ሰው ሲንቀሳቀስ የሣሩን መነቃነቅ እንኳ ሳይቀር ታያለች። ከተነሣች ግን ዓይኗ እንደማንኛውም ሰው ዓይን ይሆናል።

የአዲስ አበባው ልጅ ሞከራትና በሁለት ደቂቃ ሰለቸው። "ይቺ ምንድን ናት፣ ዘበኛ? ቢያንስ ቢላዋ ስጪያት እንጂ፣ ፍሬሽ።" እሺ አልኩ። በማግስቱ ሠዓሊዋ እርምጃዋ ይጎተታል አለችኝ፤ እሺ ብዬ ሩጫ ጨመርኩላት። መሪያችን ደግሞ አካሚው ርቆ ሲገኝ ትንሽ ማከም ብትችል ጥሩ ነው አለ። እሱንም እሺ አልኩ። የጠየቁኝን ሁሉ ደብተሬ ላይ እየጻፍኩ፣ ስጨርስ ከጎኑ ምልክት አደርግ ነበር። አንድ ጊዜ እምቢ ብል ወንበሬ ወደ በሩ የሚጠጋ ይመስለኝ ነበር።

ከዚያ ቦሳ አዲስ ካለ ጌም ቤት ከሚጫወቱ አራት ልጆች ጋር ሞከርነው። ጠባቂዋን የያዘው የአዲስ አበባው ልጅ ነበር። ቢላዋዋን ይዞ ከኮረብታው ወረደ፣ ሁለቱን ጣላቸው፣ ከልቡ ሳቀ። እኛም ሳቅን። በዚያው ቅጽበት የቀሩት ሁለቱ ማንም በማያየው በሌላኛው መንገድ ዝም ብለው ተራምደው ገብተው ምሽጋችንን ያዙ። ሁለተኛውም ዙር እንደዚያው ሆነ። ሦስተኛውም።

መሪያችን ሄድፎኑን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

"ይቺ ካራክተር ሥራዋ ምንድን ነው?"

ደብተሬን ገልጬ ማንበብ ጀመርኩ። በእጁ አስቆመኝ። "የምትችለውን አይደለም የጠየቅኩሽ። ሥራዋን ነው። እስከ ቅዳሜ ካልመለስሽልኝ እናወጣታለን።"

ወደ ዶርም በእግሬ ነው የሄድኩት። መልሱን አውቀው ነበር። የማውቀው ግን ለማንም ካልተናገርኩት ነገር ውስጥ ነው። መልሱን ለመስጠት ያንን መናገር ሊኖርብኝ ነው።

ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ ቅዳሜና እሑድ እናቴ ወደምትሠራበት የቡና ማጠቢያ እየሄድኩ እሠራ ነበር። የታጠበው ቡና ከእንጨትና ከሽቦ በተሠሩ ረጃጅም አልጋዎች ላይ እንዲደርቅ ይሰጣል፤ ሴቶቹ ቀኑን ሙሉ በእጃቸው ያገላብጡታል። በመድረቅ ላይ ያለ ቡና ዝናብ ካገኘው ይበላሻል። ስለዚህ ሰማይ ለማየት ብቻ የሚቀመጥ አንድ ሰው አለ። የእኛዋ በዕድሜ የገፉ ሴት ነበሩ፤ ሁላችንም እማማ እንላቸዋለን። ከአልጋዎቹ በላይ ያለው ጉብታ ላይ ይቀመጣሉ። የቦታው ሕግ እጃቸው ምንም እንዳይነካ ነው። ቡና አያገላብጡም፣ ቅርጫት አያነሡም፣ ተቀምጠው ጥጥ እንኳ አይፈትሉም። የማጠቢያው ኃላፊ የመረጣቸው ከሁላችን ፈሪ ስለሆኑ ነው እየተባለ ይሳቅባቸው ነበር። እውነትም ፈሪ ነበሩ። ደመና ቁራጭ ባዩ ቁጥር "ሮባ፣ ሮባ" ብለው በኦሮምኛ ዝናብ መጣ ይላሉ፤ እኛ ላስቲኩን ይዘን እንሮጣለን፣ አልጋዎቹን እንሸፍናለን። አብዛኛውን ጊዜ ጠብ አይልም። ሴቶቹ ሲያጉረመርሙ እማማ ሁልጊዜ የሚመልሱት አንድ ነበር። "ከረጠበ በኋላ ብጠራችሁ ይሻላል?"

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እርጥብ ቡና የሞላ ቅርጫት ብቻዬን እየጎተትኩ ነበር። ከእጄ ሊያመልጥ ሲል ቀና አልኩና አየኋቸው። "እማማ፣ ትንሽ ያግዙኝ" አልኩ። ሰማዩን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ወረዱ። የቅርጫቱን አንድ ጆሮ ይዘው እስከ አልጋው አደረሱልኝ። ሴቶቹ ደስ አላቸው፤ ዛሬ እማማ ሥራ ጀመሩ ተባለ፣ ተሳቀ፣ እሳቸውም እዚያው ከሴቶቹ ጎን ቆመው ማገላበጥ ጀመሩ። የተሳቀላቸው ቀን ያ ብቻ ይመስለኛል። ዝናቡ ከጉብታው ጀርባ፣ ከቡናው ዛፎች በላይ መጣ። ላስቲኩን ስንደርስበት ሦስት አልጋ ርሷል።

ኃላፊው ማን ይውረዱ እንዳላቸው ጠየቃቸው። "ራሴ ነኝ የወረድኩት" አሉ። እኔን አላዩኝም። ላስቲኩን ይዤ ከጎናቸው ቆሜ ነበር፤ ውሃው በክንዴ እየወረደ ነበር፤ አልተናገርኩም። ከማግስቱ ጀምሮ ጉብታው ላይ ሌላ ሰው ተቀመጠ።

ዓርብ ዕለት ይህን ለሦስቱ ነገርኳቸው። መሬት መሬት እያየሁ ስለነበር ፊታቸውን አላውቅም። ስጨርስ ሠዓሊዋ በቀስታ "ሱብሃነላህ" አለች። ይቀልድብኛል ብዬ የጠበቅኩት የአዲስ አበባው ልጅ ነው፤ አልቀለደም።

"እና አልተናገርሽም?"

"አልተናገርኩም።"

ከዚያ ቢላዋውን፣ ሩጫውን፣ ሕክምናውን ላውጣው አልኩ። የሰጠኋት እሷ ስለፈለገችው ሳይሆን እናንተ ደስ እንዲላችሁ ነው፤ እጇ ሥራ ካገኘ ዓይኗ ሥራ ይፈታል አልኩ። ሲኒየርን እንዲህ ተናግሬ አላውቅም ነበር።

መሪያችን ወደ እኔ ዞረ። "ማን ይጫወትባታል? የሚፈልጋት የለም" አለ።

"እኔ።"

ቅዳሜ ከሰዓት የቦሳ አዲስ ልጆች ከጌም ቤታቸው ገቡ፣ እኛም ጀመርን። ጠባቂዋን ኮረብታው ላይ አስቀመጥኳት። እኔም ወንበሬ ላይ አንድ እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። ማየት ብቻ ነበር የቀረኝ፤ ማየት ብቻ ሲቀር ደግሞ ሁሉም ነገር ያስፈራል። ቁጥቋጦው፣ የግንቡ ጥላ፣ ድልድዩ ሥር ያለው ጨለማ። በግራ በኩል የሆነ ነገር ያለፈ መሰለኝና "ተመለሱ" ብዬ ጮህኩ። ሦስቱም ሊይዙት የነበረውን ምሽግ ትተው ተመለሱ። ጠበቁ። ምንም አልመጣም።

"ፍሬሽ፣ የራስሽን ጥላ ነው ያየሽው" አለ የአዲስ አበባው ልጅ በሄድፎኑ። "አታካብጂ ባክሽ፣ አሸንፈን ነበር እኮ።"

ከዚያ በኋላ የነበሩት ጥቂት ደቂቃዎች ከሕይወቴ ረጃጅሞቹ ናቸው። ሁለተኛ ብጠራቸውና ምንም ባይመጣ ጠባቂዋም እኔም አበቃልን። ሦስቱ እንደገና ወደፊት ሄዱ። በቀኝ በኩል፣ ወንዙ ዳር፣ ሣሩ ተነቃነቀ። አንድ ጊዜ ብቻ። ነፋስ ሊሆን ይችላል፤ ለነፋሱ ኮድ የጻፈለት መሪያችን ራሱ ነው። ከረጠበ በኋላ ብጠራቸው ይሻላል?

"ተመለሱ" አልኩ። "በወንዙ በኩል ነው። ተመለሱ።"

የአዲስ አበባው ልጅ የአጋሮ ሰው የማይገባውን የሰፈሩን ስድብ ተሳደበ። ግን ተመለሰ። ሌሎቹም ተመለሱ። ሣሩ ዝም ብሏል። እስከ አምስት ድረስ ቆጠርኩ። ስድስት ከማለቴ በፊት የቦሳ አዲስ ልጆች አራቱም አንድ ላይ ከወንዙ ዳር ወጡ፤ ማንም የለም ብለው በሩጫ ሲመጡ ሦስቱ ፊት ለፊት ቆመው ጠበቋቸው።

በዚያ ዙር አሸነፍን፤ በቀጣዩ ተሸነፍን። መሪያችን ውጤቱን አልጠቀሰም። ግድግዳው ላይ ካሉት ካራክተሮች ዝርዝር ፊት ቆሞ፣ ትቆይ ወይስ ትውጣ ሳይወስን ከጠባቂዋ ስም ሥር ያኖረውን የጥያቄ ምልክት ሰረዘና ወደ ወንበሩ ተመለሰ።

ፍርሃቱ አልለቀቀኝም። እማማን አጋሮ ስሄድ ከርቀት አይቻቸዋለሁ፤ እስካሁን ሄጄ ይቅርታ አልጠየቅኳቸውም፣ ያም ያስፈራኛል። የዚያን ቅዳሜ የመጨረሻውን ዙር ስንጀምር ግን የአዲስ አበባው ልጅ ድልድዩ አፍ ላይ ቆመ። ሁልጊዜ ሳይጠይቅ የሚገባው እሱ ነው። በሄድፎኑ ትንፋሹ ይሰማኛል።

"ፍሬሽ" አለ። "ልግባ?"

ድልድዩ ሥር ያለውን ጨለማ አየሁት። ደግሜ አየሁት።

"ቆይ" አልኩት፤ ቆየ።