የግራጫ ጭስ ፈቃድ

ኡድጌይር በሰሜን ኖርዌይ ዳርቻ ኮድ የሚባለውን አሣ ሲያጠምድ ያደገ፣ ሲያጠምድም ያረጀ ሰው ነው። ከአሣው ሌላ አንድ የመንግሥት አደራ ነበረበት፤ ነዳጅ ባሕር ላይ የፈሰሰ እንደሆነ፣ ከጎረቤቱ ከራግንቫልድ ጋር በየጀልባቸው እሳት የማይበላውን ተንሳፋፊ አጥር ጎትቶ ነዳጁን መሰብሰብና እዚያው ማቃጠል። ለዚህም አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ በየጸደዩ ሠልጥኗል። በአሥራ ስምንቱም ዓመት አንዲት ክብሪት አልጫረም። አንዴ ነፋሱ በዛ ተባለ፤ አንዴ ወፎቹ እንቁላል ታቅፈዋል ተባለ፤ አንዴ ደግሞ ከዋና ከተማ የመጡት እንግዳ ነጭ ካፖርት ለብሰው ስለነበር ጥቀርሻ እንዳይነካቸው ተፈራ። የምስክር ወረቀቱ ግን አንድም ዓመት ቀርቶበት አያውቅም።

አንድ የመጋቢት ሰኞ ጠዋት ድፍድፍ ነዳጅ የጫነች መርከብ ከዳርቻው ፊት ለፊት ካለች ደሴት ማዶ ከቋጥኝ ጋር ተላተመች። መርከበኞቹ ተረፉ፤ የሆዷ ጥቁር ነገር ግን ይንዠቀዠቅ ጀመር። ባሕሩ ጸጥ ብሎ ተኝቷል። ሁለቱ ጀልባዎች አጥሩን እንደ ፈረስ ኮቴ አጥፈው ነዳጁን ከመርከቧ አርቀው ሰበሰቡት። ኡድጌይር ማቀጣጠያውን ይዞ ወደ ቢሮ ደወለ። ያነሳችው በርግሊዮት የምትባል ሠራተኛ ናት።

«ሰብስበነዋል፤ ልለኩሰው?»

«ካፒቴን፣ የሚፈቅዱት ኃላፊው ናቸው፤ እሳቸው ደግሞ ስብሰባ ላይ ናቸው።»

«የምን ስብሰባ?»

«ፈቃድ እንዴት እንደሚፋጠን የሚመክር። ረቡዕ ያልቃል። እስከዚያ ቅጹን እንሙላ። የጭሱ ቀለም?»

«ጥቁር።»

«ጥቁር የሚል የለም። ነጭ ወይስ ግራጫ?»

«እህቴ፣ ነዳጅ እኮ ነው የማቃጥለው፤ ድርቆሽ መሰለሽ?»

ራግንቫልድ በሬዲዮ ገባ። «አንተ ሰውዬ፣ ምን አለች?»

«ግራጫ በል ትላለች።»

«በላታ! ነፋስ እየመጣ ነው። ማዕበሉ ከውሃ ጋር አንዴ ካቦካው እንኳን ክብሪት ሲኦልም አይለኩሰውም!»

ኡድጌይር ውሻውን እንኳ ያለ ፈቃድ ያላሳደገ ሰው ነበር። ዳርቻው ላይ የተኮለኮሉትን የባሕር ዳክዬዎች አየ። «በርግሊዮት፣ መስመሩ ተቆራረጠብኝ» አለ፤ መስመሩ ጥርት ያለ ነበር። ማቀጣጠያውን ለኩሶ ወደ አጥሩ ውስጥ እንዲንሳፈፍ ለቀቀው። መጀመሪያ ምንም የለም። ቀጥሎ ባሕሩ ራሱ የተቀጣጠለ መሰለ፤ ጭሱ ሰማዩን ወጋው። አንድ ሰዓት ያህል ነደደ። ስልኩ ጮኸ።

«ካፒቴን፣ በመስኮት ጭስ ይታየኛል!»

«ምን ዓይነት?»

«ጥቁር!»

«እንግዲያውስ የእኔ አይደለም። ቅጹ ላይ ጥቁር የለም።»

የተረፈውን ሬንጅ መሰል ዝቃጭ ሁለቱ ሰዎች በመረብ ሲጠርጉ ዋሉ። ዳክዬዎቹ አልተነኩም።

ፈቃዱ ረቡዕ ተፈረመ፤ ማቃጠል የሚቻለው ሐሙስ ብቻ ነው ይላል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። የተፈረመ ፈቃድ ሥራ ላይ ሳይውል መቅረት የለበትምና፣ ሐሙስ ኃላፊው ፎቶ አንሺ አስከትለው መጡ። ንጹሑን ውሃ ከጀርባቸው አድርገው፣ «ይህ የፈጣን ውሳኔያችን ፍሬ ነው» አሉ። የኡድጌይርን እጅ ጨብጠው አመሰገኑት፤ በዚያው እጁ ላይ ያለ ፈቃድ በማቃጠሉ የተጻፈ ማስጠንቀቂያ አስጨበጡት።

ቤት ሲገባ ሚስቱ ሱኒቫ ድንች ትልጥ ነበር።

«ተቆጡህ?»

«ተቆጡኝም፣ አመሰገኑኝም።» ማስጠንቀቂያውን ጠረጴዛው ላይ አኖረ። «ፈርቼ ነበር፣ ሱኒቫ። እሳቱን እንዳይመስልሽ። ሳልጠይቅ አንድ ነገር ሳደርግ የመጀመሪያዬ ነው።»

«እሱንስ አውቃለሁ» አለች እየሳቀች። «እኔን ለማግባት አባቴን ሦስቴ ነው የጠየቅኸው። መጀመሪያውኑ እሺ ብሎህ!»

ኡድጌይርም ሳቀ፤ ቢላ አንስቶ አጠገቧ ተቀመጠና ድንቹን ይልጥ ጀመር።