ሦስት ሰዓት የሚያነበው የዳባት ሰው

ደባርቅ ሆኜ ለተመራማሪዎች በማዘጋጀው ብሎግ ላይ፣ ማን ምን ያህል እንደሚያነብ በየቀኑ አያለሁ። ሌላው ደቂቃ ሳይሞላ ይወጣል። አንድ የዳባት ሰው ግን ስለ ገብስ በሽታ የጻፍኳትን አጭር ጽሑፍ ከፍቶ ሦስት ሰዓት ይቆያል። «ይሄ ሰውዬ እየገለበጠ ነው!» አልኩ።

ማን እንደሆነ በአስተያየት መስጫው ብጠይቀው፣ «እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ዳባት ቤተ ክርስቲያን ደጀ ሰላሙ ጋ ይምጡ» አለኝ። ይባስ ጠረጠርኩ፤ ሄድኩ።

አንድ መሪጌታ ስልካቸውን ይዘው ለገበሬዎች ጽሑፌን ያነባሉ። እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር እንደ መጽሐፍ ትርጓሜ «አንድም» እያሉ ያፍታቱታል። ኩራት ተሰማኝ፤ ሳልታይ ከኋላ ተቀመጥኩ።

«ይህስ፣» አሉ መሪጌታ፣ «ገብሱ ውኃ በዝቶበት ታመመ ሲል ነው። አንድም፣ ጸሐፊው ገብስ ዘርቶ አያውቅም።»

ገበሬዎቹ ሁሉ ራሳቸውን ነቀነቁ።