ከዘሃራ ስልክ በቀር

ሰው ሁሉ ቁጡ ነሽ ይለኛል። አዎ፣ ቁጡ ነኝ! ይሄን ነገር ቀስ ብዬ ላውራው ብል አንጀቴ ያርራልና እየተቆጣሁ ነው የምነግራችሁ።

ዘሃራ የወንድሜ ሚስት ናት። ከወሎዋ ሐይቅ ከተማ ወደ መቀሌ ሙሽራ ሆና ስትመጣ በጭነት መኪና ጋቢና ነው የመጣችው። ፎቶ አንሺ ከደሴ ይመጣል ተብሎ ሳይመጣ ቀረና ከሰርጓ አንዲት ፎቶ እንኳ የላትም። ወንድሜ አብዱልጀሊል፣ አላህ ይዘንለትና፣ ልጃቸው ሩፋይዳ ገና ሳትራመድ ሞተ። ዘሃራ ሻሽ በትከሻዋ ተሸክማ እየሸጠች መቀሌን ዞረች። ዞራ ዞራ፣ እኔን ኢህሳንን ከወሎ አስመጥታ፣ ገበያው ውስጥ ሱቅ ከፈትን። ትግርኛን ከደንበኛ ጋር ስትከራከር ለመደችው። ስትናደድ ግን የምትሳደበው በሐይቅ አማርኛ ነው፣ ያኔ ድፍን ገበያው ይሰማታል። ሩፋይዳን አስተምራ ነርስ አደረገቻት፤ ልጅቷ ዛሬ ዓይደር ሆስፒታል ነው የምትሠራው።

የዚያ ፎቶ ነገር ግን አልለቀቃትም። ሰው ቤት ገብታ ግድግዳ ላይ የሰርግ ፎቶ ካየች ሻይዋ እስኪቀዘቅዝ እሱን ነው የምታየው። «ልጄ እንደኔ ያለ ፎቶ አትዳርም» ትል ነበር።

በኛ መደዳ ጠዋት ጠዋት ክርክር አለ። ድሮ ስለ ኳስ ነበር፣ በኋላ ስለ ስልክ ሆነ። ፊት ለፊታችን ጁስ ቤት ያለው ኣባዲ፣ ኮፍያ ከራሱ የማይለይ ሰውዬ፣ የሳምሰንግ ወገን ነው። «የቻይና ስልክ የያዘ ሰው ስልክ ያዘ አይባልም» ይላል። ጎናችን ያለው ልብስ ሰፊው ኸድር ደግሞ ለቴክኖ ይሟገታል፤ «ሁለት ሲም ይይዛል፣ ባትሪው አያልቅ፣ ምን ቀረው?» ማዕዘኑ ላይ ሞባይል የሚሸጠው ኣንዶም ዳኛ ይሆንና ሱቁ ውስጥ የተረፈውን ያሞግሳል። አንድ ቀን ኸድር «እነዚህ ካምፓኒዎች ስልካችን ውስጥ ያለውን ሁሉ ያያሉ አሉ» ብሎ ጀመረ።

«ድሃን ማን ይሰልላል?» አለ ኣባዲ። «አሜሪካ የኔን አቮካዶ ልታይ ነው?»

ሁሉም ሳቁ። ዘሃራ አልሳቀችም። «የድሃ ገበና ገበና አይደለም እንዴ?» አለች ሻሽ እያጠፈች። ማን ሰምቷት!

በ2011 ሩፋይዳ ለበድሩ ታጨች። በድሩ አውሮፕላን ማረፊያ ሻንጣ የሚጭን ጨዋ ልጅ ነው። ዘሃራ ይሄኔ ነው ባለቁልፍ ስልኳን ለኔ ሰጥታ፣ ፎቶ የሚያነሳ ስልክ ልትገዛ ኣንዶም ዘንድ የሄደችው። እኔም አብሬያት ነበርኩ።

«ኣደ ዘሃራ፣ ኢሜይል አለሽ?» አላት፤ ኣደ በትግርኛ እናት ነው።

«ምንድን ነው እሱ?»

«ጸገም የለን!» አለ። ችግር የለም ማለቱ ነው። ይቺን ቃል ስሰማ ዛሬም እጄ ጥፊ ያምረዋል። «ያለ ኢሜይል ስልኩ አይሠራልሽም። እኔ አስገባልሻለሁ።»

አስገባላት። እኛ እንግዲህ እንዲህ ነን፤ ስልክ ገዝተን «ሁሉንም ጫንልኝ» ብለን ለባለሱቁ እንሰጠዋለን። ዘፈኑንም፣ ኢሞውንም፣ ኢሜይሉንም እሱ ይጭናል። ምን እንደጫነ የሚጠይቅ የለም። ቤት ለሚቀባልን ሰው ቁልፍ ስንሰጥ እንኳ ሁለቴ እናስባለን!

ሳምንት ሳይሞላ ስልኳ ላይ የማታውቀው ፎቶ መጣ። አንድ ቀን ቀይ በሬ። ሌላ ቀን ከላይ የተነሳ የሰው መላጣ፣ ነጭ ቅባት የተለቀለቀ።

«ዘሃራ፣ ይሄ የማን ራስ ነው?» አልኳት።

«ስልኩ ይዞት የመጣ ነው። ፋብሪካው ለናሙና ያስገባው ይሆናል።»

«ፋብሪካ በሬ ምን ያደርግለታል?»

«ኧረ ወዲያ! አንቺ ባለቁልፍሽን ያዥ!»

ሳቅን። የኢንተርኔት ጥቅሏም በገዛች ማግስት ያልቅባታል። «ምን በላብኝ?» እያለች ትገረማለች። አሁን ሳስበው ያ ሳቃችን ያንገበግበኛል።

የሂናው ቀን ደረሰ። ከሰዓት በኋላ ሴቶች ብቻ የሚሰበሰቡበት ነው፤ ወንድ የተባለ ደጃፉን አይረግጥም። ሩፋይዳ ለአካለ መጠን ከደረሰች ጀምሮ ባዕድ ወንድ ጸጉሯን አይቶት አያውቅም። ዘሃራ ቢጫ ሳፋ አውጥታ በሩ ላይ አስቀመጠች፣ እኔን አጠገቡ አስቀመጠችኝ።

«የገባችው ሁሉ ስልኳን እዚህ ትጥላለች። እንቢ ያለች ትመለስ።»

የበድሩ አክስት ስልኳን ቦርሳዋ ውስጥ ሸሽጋ ልታልፍ ስትል ዘሃራ ክንዷን ያዘቻት። «ሐጃ፣ አውፍ ይበሉኝ። ልጄ ዛሬ ጸጉሯን ፈትታ ልትጨፍር ነው። ከኔ ስልክ በቀር እዚህ ቤት ስልክ የለም።» ሴትዮዋ ፊቷን አኮሳትራ ስልኳን ሳፋው ውስጥ ወረወረችው።

ሩፋይዳ መጋረጃውን ገለጥ አድርጋ፣ «እማ፣ እርግጠኛ ነሽ?» አለች።

«አንቺ ጨፍሪ። በሩን እኔ እጠብቃለሁ።»

እኔ ውጭ ከሳፋው ጋር ተቀመጥኩ። ከውስጥ ድቤው ይመታል፣ እልልታው ይቀልጣል። በሩ ከፈት ባለ ቁጥር የማያት ዘሃራን ነው፤ ስልኩን ፊቷ ላይ ደግና ታነሳለች። ሰው ሰላም ሲላት እንኳ ከዐይኗ አላወረደችውም። ማታ ላይ ፊቷ በርቶ ወጣች። «አንድም አላመለጠኝም!» አለችኝ።

ሰርጉ አለፈ። ሩፋይዳም ወደ ሥራዋ ተመለሰች። አንድ ጠዋት ኸድር ሱቃችን ደጃፍ መጥቶ ቆመ። ሌላ ቀን ሰተት ብሎ የሚገባ ሰው ዐይኑን መሬት ላይ ተክሏል።

«እህቴ ዘሃራ፣ ስልኬ ላይ አንድ ነገር መጣ። ወላሂ እኔ አልፈለግኩትም፣ እንዳየሁ ዘጋሁት።» ስልኩን ለኔ አቀበለኝ።

ከፈትኩት። ሩፋይዳ ናት። ጸጉሯ ወገቧ ላይ ፈስሷል፣ እጇ በሂና ቀልቷል፣ አንገቷን ወደ ኋላ ጥላ ትስቃለች። ዘሃራ ከእጄ ነጥቃ አየችው።

«ማን ላከልህ?»

«ማንም። ራሱ ነው የመጣው።»

«ራሱ? እግር አለው? ያቺ አክስት ተብዬ ናት! ሁለት ስልክ ነበራት ማለት ነው!» ስልኩን እጄ ላይ ወርውራ፣ ሻሿን አጥብቃ አስራ ልትወጣ ተነሳች። አምላክ ያውቃል፣ ያን ቀን ብትሄድ ኖሮ ጋብቻው ይፈርስ ነበር። እኔ ግን ጣቴ ተንሸራቶ ቀጣዩ ፎቶ መጥቶ ነበር። ቀይ በሬ!

«ዘሃራ፣ ቆይ! ይሄ ያንቺ ስልክ ውስጥ ያለው በሬ አይደለም?»

«የምን የእሷ?» አለ ኸድር። «የኔ በሬ ነው እንጂ! ከጎረቤት ጋር ለዒድ ተዋጥተን የገዛነው። ራሴ ነኝ ያነሳሁት።»

ሦስታችንም ተያየን። የኸድር በሬ ዘሃራ ስልክ ውስጥ፣ የዘሃራ ልጅ ኸድር ስልክ ውስጥ። ሁለቱም ስልክ የተገዛው ከኣንዶም ነው።

ይሄን እያወራን ሩፋይዳ የነርስ ገዋኗን እንደለበሰች ከባጃጅ ወርዳ ገባች። አንድ አስታማሚ ታካሚ ፊት «ጸጉርሽ እንዲህ ረጅም መሆኑን አላወቅንም ነበር» ብሏታል፣ ጓደኛውም ስቋል። ልጅቷ መርፌዋን አስቀምጣ ነው የወጣችው። እናቷን አየቻት።

«በሩን እጠብቃለሁ አላልሽኝም?»

ዘሃራ ልትይዛት እጇን ዘረጋች። ሩፋይዳ «ከሰው ስልክ ሁሉ ካልጠፋ ዓይደር ተመልሼ አልገባም» ብላ እናቷ ቤት ሄዳ በሯን ዘጋች።

ኣንዶም ዘንድ እንዴት እንደደረስን አላውቅም። ዘሃራ ስልኳን ባንኮኒው ላይ አጋጨችው። «የልጄ ፎቶ ሰው ስልክ ውስጥ ምን ይሠራል?»

«ጸገም የለን፣ ኣደ ዘሃራ!» አለ፣ ዐይኑን በጨው አጥቦ። «ለሰው ሁሉ አዲስ ኢሜይል ብከፍት ሱቄ ተሰልፋችሁ ልትውሉ ነው። ብከፍትላችሁም የይለፍ ቃሉን ትረሱና እኔው ላይ ትመጣላችሁ። ስለዚህ አንድ ኢሜይል አለኝ፣ ለሁሉም እሱን አስገባለሁ። አንዱ ያነሳው ሁሉም ጋ ይታያል እንጂ ሌላ ጉዳት የለውም።»

«ሌላ ጉዳት የለውም?» አልኩ። «ድፍን ገበያውን አንድ መኝታ ቤት አስተኝተኸን ስታበቃ!»

«ዋእ! ማን ብሎ ያየዋል?»

«እኔ አይቻታለሁ» አለ ከኋላችን ኣባዲ። ጩኸቱን ሰምቶ መጥቷል። ይስቃል! «ምናላት? ቆንጆ ናት። ጁስ ለሚጠጡት ልጆች ብቻ ነው ያሳየሁት፣ ከዓይደር ለሚመጡት።»

ደሜ ፈላ። ዘሃራ አንገቱን ሳታንቀው በፊት ስልኳን ከባንኮኒው አነሳሁና ያንን መላጣ ፈልጌ ለተሰበሰበው ሰው ከፍ አድርጌ አሳየሁ። ቅባቱ፣ በጎን ያለችው አንድ ጸጉር፣ ከበስተኋላ የተደረደረው ማንጎ፣ ሁሉም ይታያል። «ኣባዲ፣ ይሄስ የማን ነው?»

እጁ በርሮ ኮፍያው ላይ አረፈ። ሰዉ በሳቅ ፈነዳ።

«አጥፊው! ይሄ የግል ነው! ማን ፈቀደልሽ?»

«አይ ጅራፍ! ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮሃል! ድሃን ማን ይሰልላል ያልከው አንተ አይደለህ?»

ኣባዲ ስልኩን ራሱ አውጥቶ፣ ያስቀራት ፎቶ አለመኖሯን ለዘሃራ አሳያት። በቀጥታ ከዚያው ከኣንዶም ኢሜይል ነበር የሚያሳየው፤ እዚያው ከጠፋ እሱም ጋ ይጠፋል።

ኣንዶምም አሁን ላብ ላብ ብሎታል። «እሺ፣ ኣደየ፣ አጠፋዋለሁ። ግን እዚህ ከጠፋ ካንቺም ስልክ ይጠፋል። መጀመሪያ ሚሞሪ ካርድ ላይ ልገልብጥልሽ።»

«አንተ? አንተ ነህ የምትገለብጠው?» አለች ዘሃራ። «ከእንግዲህ በእጅህ ያለፈ ነገር ቤቴ አይገባም!»

እጅጌዋን ጎተትኩ። «ዘሃራ፣ ሌላ ሱቅ ወስደን እናስገልብጥ።»

«ሌላው ሱቅ ያለው ማን ነው? ሌላ ኣንዶም! እስክንደርስስ ስንቱ ያያታል?»

ስልኳን ከእጄ ሳበችና ጣቷን ዘረጋች። ኣንዶም «ሁሉንም ባንዴ ማጥፋት ይቻላል» ቢላት አልሰማችውም። አንድ በአንድ ነካቻቸው። ሂናው፣ ድቤው፣ ጭፈራው፣ ሳቁ። እያንዳንዷ ላይ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ ግን የለውም። ከዚያ ኣንዶም የተጣለው ፎቶ የሚጠራቀምበትንም ባዶ አደረገ። ኸድር ስልኩን ከፍቶ አየ። «የለም፣ እህቴ» አላት። ከኣባዲም ጠፍቷል።

ቤት ስንገባ ሩፋይዳ በሩን ከፈተች።

«ጠፋ?»

«ጠፋ።»

«ከሁሉም?»

«ከሁሉም ልጄ። ራሴ ነኝ ያጠፋሁት።»

ልጅቷ ትንፋሿን ለቀቀች። መጥታ እናቷ አጠገብ ተቀመጠች፣ ራሷን ትከሻዋ ላይ ጣለች። በኋላ፣ «አንዷን እንኳ አላስቀረሽም?» አለች።

ዘሃራ ራሷን ነቀነቀች።

«ይሁን፣ ግድ የለም» አለች ሩፋይዳ። «ንገሪኝ እማ፣ ስጨፍር እንዴት ነበርኩ?»

ዘሃራ ልትመልስ አፏን ከፈተች። ግንባሯን ቋጥራ ፈለገች፣ ፈለገች። ከዚያ ፊቷን በመዳፏ ሸፈነች።

«አላየሁሽም ልጄ። ስልኩን ነበር የማየው።» ወዲያው ወደኔ ዞረች፣ ዐይኗ እንባ ሞልቷል። «ኢህሳን፣ አንቺ አይተሻታል አይደል? ንገሪያት።»

ምን ልበላት? እኔ ያን ቀን ውጭ ነበርኩ፣ ሳፋው አጠገብ፣ የሰው ስልክ ስጠብቅ።