አሥራ ሰባት ጊዜ የተሳፈረች ሴት

ኖሊን ፕራውስ በሁለት ጣቶቿ የላስቲክ ጠርሙስ አንገት ይዛ ጂን ታንቆረቁራለች። አንገቱን ከለስላሳ ጠርሙስ ላይ በመቀስ ቆርጣ፣ ገልብጣ፣ ታጥቦ በደረቀ የአፍ መጉመጥመጫ ዕቃ አፍ ላይ ሰክታዋለች። ዕቃው ሲሞላ አረንጓዴ የምግብ ቀለም ሦስት ጠብታ ጣል አደረገችበት፤ ክዳኑን አጠበቀችና ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሣችው። ቀለሙ ቁርጥ መጉመጥመጫውን መሰለ። የናናው ሽታ ግን በፈላ ውሃ ሦስት ጊዜ ታጥቦም ከዕቃው አልለቀቀም ነበር። ኖሊን በየዓመቱ ባሕር ላይ ወጥታ የምትጠጣው የጥርስ ሳሙና የሚሸት ጂን ነው። ይህን ለሰው አትናገርም።

«አየሽ?» አለችኝ። «መጠጥ ይዛችሁ አትግቡ ይላሉ፤ መርከቡ ላይ ግን አንዷ ብርጭቆ አሥራ አራት ዶላር ናት። ሞኝ ይክፈል!»

እኔ ክዳኖቹን ይዤላት ነበር። ብሪስቤን አጠገብ፣ ሬድክሊፍ ባለው የጡረተኞች መንደራችን የእሷ ቤት ቁጥር ዘጠኝ ነው፤ የእኔ አሥር። በመካከላችን ያለው ግድግዳ ስስ ስለሆነ የምትለውን ሁሉ፣ ባትነግረኝም፣ እሰማለሁ።

ኖሊን ተወልዳ ያደገችው ጂምፒ የምትባል የገጠር ከተማ ነው፤ አባቷ የወተት ላሞች ነበሩት። ሠላሳ አንድ ዓመት በአንድ የግንባታ ዕቃ መደብር ገንዘብ ተቀባይ ሆና ሠርታለች፤ በዚያ ሁሉ ዘመን ለአንድ ደንበኛ እንኳ አንድ ሳንቲም እንዳልቀነሰች በኩራት ታወራለች። ዕድሜዋን ሙሉ አጭበርባሪዎችን ስትጠብቅ የኖረች ሴት ናት። አንድም ሰው ሊያጭበረብራት መጥቶ አያውቅም፤ እሷ ግን እስካሁን ድረስ በር በሩን ታያለች። ባሏ ሜርቭ ቧንቧ ሠሪ ነበር። ጸጥ ያለ ሰው ነው፤ ሻንጣ ይሸከማል።

በየበጋው፣ የመዝናኛ መርከብ የሚወጡት ከመውጣታቸው በፊት፣ በመንደሩ አዳራሽ ትምህርት ትሰጣለች። ማንም አልሾማትም። ሻንጣዋን ቢሊያርድ መጫወቻው ላይ ዘርግታ ትጀምራለች።

«ልብስ አይታጠፍም፤ ይጠቀለላል። ካልሲ ጫማ ውስጥ፣ የውስጥ ሱሪ ካልሲው ውስጥ። የክፍሉ ግድግዳ ብረት ስለሆነ ማግኔት ያለው መስቀያ ያዙ። የልብስ መቆንጠጫ አትርሱ። ጎህ ሲቀድ ውጡና ፎጣችሁን መዋኛው ዳር ካለው ወንበር ጋር ቆንጥጣችሁ ተመልሳችሁ ተኙ። ወንበሩ ቀኑን ሙሉ የናንተ ነው።»

አንድ ሽማግሌ ከኋላ እጁን አወጣ። «ታዲያ መቼ ነው የምንቀመጥበት?»

«ባትቀመጥበትስ?» አለች ኖሊን። «ዋናው ነገር ሌላው አለመቀመጡ ነው።»

ሰው ሳቀ። እሷ አልሳቀችም፤ የምሯን ነበር።

ስለ ምግብ የምትለውም ከዚህ አይርቅም። ዳቦ ሆድ ስለሚሞላ ማታ ማታ አይበላም፤ ሁለት ዋና ምግብ ይታዘዛል፤ ያልወደዱት ይመለሳል፣ የወደዱት ይደገማል። ዳቦው ግን በላስቲክ ተቋጥሮ ቦርሳ ይገባል፤ ደሴት ላይ ሲወረድ ምሳ እንዳይገዛ። ፖርት ቪላ በምትባል የደሴት ወደብ ገበያ ፓፓያና ትኩስ ዓሣ ከሚሸጡት ሴቶች ፊት ለፊት አጥር ላይ ተቀምጣ የትናንት ዳቦ በአይብ ስታኝክ በዓይኔ አይቻለሁ። አንዷ ሴት አዝናላት ሙዝ ሰጠቻት። ተቀበለች።

ከሁሉ በላይ ድምፅዋን ከፍ የምታደርገው ለአስተናጋጆች የሚሰጠው ጉርሻ ላይ ስትደርስ ነው። «እግራችሁ መርከቡን እንደረገጠ ወደ እንግዳ መቀበያው! በየቀኑ ከሒሳባችሁ የሚቆርጡት ጉርሻ አለ። አስሰርዙት። እኛ አሜሪካኖች አይደለንም። ደመወዝ የሚከፍለው ቀጣሪው ነው።»

እኔም ይህን እየሰማሁ ነው ያደግሁት፤ በአገራችን ጉርሻ የመስጠት ልማድ የለም። ግን ልማድ አንድ ነገር ነው፤ ሰው እንደ ሰርግ ቤት ፊቱ በርቶ ለማሰረዝ ሲሰለፍ ማየት ሌላ ነገር ነው። ኖሊን ሁልጊዜ ከሰልፉ ፊት ናት።

አሥራ ሰባተኛ ጉዞዋን የሄደችው ከእኛ ጋር ነው። ጠረጴዛችን ላይ አራት ነበርን፤ እሷ፣ ሜርቭ፣ እኔና ኮራል ቤትስ። ኮራል ሰባ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ስትሮክ ከመታት ወዲህ ቀኝ እጇ አይታዘዛትም። መርከብ ስትወጣ የመጀመሪያዋ ነበር፤ ኖሊን ያለችውን ሁሉ ደብተር ላይ አስጽፋ ነው የመጣችው።

አስተናጋጃችን ሮዴል የሚባል ፊሊፒናዊ ነበር፤ አርባ ዓመት ቢሆነው ነው። በመጀመሪያው ማታ ሥጋ ጥብስ ቀረበ። ኮራል ቢላዋውን አነሣች፣ አስቀመጠች፤ ድንቹን ብቻ በላችና «አልራበኝም» አለች። ሮዴል ሳህኑን ሲያነሣ አንድ ጊዜ እጇን አየ።

በማግስቱ የበግ ሥጋ መጣ። የኮራልም ሳህን እንደኛው ነበር፤ ሙሉ ሥጋ፣ ላዩ ላይ መረቅ። በሹካዋ ስትነካው ተለያየ። ወጥ ቤት ውስጥ በስሱ ተቆርጦ፣ መልሶ ተገጣጥሞ፣ መረቁ እንዲሸፍነው ተደርጎ ነው የመጣው። ኮራል ቀና ብላ አየችኝ፤ ዓይኗ ውሃ ሞልቷል። ሮዴል ከጀርባዋ ቆሞ ውሃ እየቀዳ ነበር።

ኖሊን አላየችም። «አንተ፣ ይኼ በግ ቀዝቅዟል» አለችው። «ሌላ አምጣልኝ። ይኼንንም ተወው እዚሁ።»

«እሺ፣ እማማ ኖሊን።»

እንዲህ እየሆነ ስምንት ማታ አለፈ። በየማታው የኮራል ሥጋ ሙሉ መስሎ መጣ፤ በየማታው ኖሊን አንድ ምግብ ወደ ወጥ ቤት አስመለሰች። ጉርሻውን በመጀመሪያው ቀን አሰርዛ እንደነበር ሮዴል ያውቃል ብዬ አስባለሁ። ፊቱ ላይ ግን አላየሁበትም።

የመጨረሻው ቀን ወደብ የሌለበት ሙሉ የባሕር ቀን ነበር። ምሳ ላይ ኮራል እጅጌውን ያዘችው። «ሮዴል፣ ምን ላድርግልህ? እውነቱን ንገረኝ።»

«ምንም አልፈልግም፣ እማማ ኮራል።»

«ልጄ፣ አታታልለኝ።»

ዙሪያውን አየና ጎንበስ አለ። «እንግዲህ ካልቀረ… ክፍልዎ ውስጥ የአስተያየት ካርድ አለ። እሱ ላይ ስሜን ቢጽፉልኝ። ኮንትራቴ በዚህ ጉዞ ያልቃል፤ መልሰው የሚጠሩት ስሙ በሦስት ካርድ የመጣለትን ነው። እንግዶቼ ሲበሉ ደስ ይላቸዋል፤ መጻፉን ግን ይረሱታል። እስካሁን አንድም አልመጣልኝም።» ከዚያ ደግሞ ቶሎ ብሎ፣ «ካልተመቸዎት ይተዉት» አለ።

ኮራል ያን ከሰዓት በኋላ መዋኛውንም ሙዚቃውንም ትታ ክፍሏ ተቀምጣ በግራ እጇ ጻፈች። ሁለት መስመር ሁለት ሰዓት ፈጀባት። ፊደሎቹ እንደ ሕፃን ፊደል ወዲያና ወዲህ የተጋደሙ ነበሩ። «ሮዴል በየማታው ሥጋዬን ቆርጦልኛል። ማንም አላወቀብኝም» ይላል። እኔም ጻፍሁ። ሜርቭ ከሚስቱ ተደብቆ ደረጃ ላይ ጠበቀንና «ጥሩ ልጅ ነው» የምትል ካርድ በእጄ አስጨበጠኝ። ሦስት ሞላ።

ኖሊን እራት ላይ ደረሰችብን። «ምንድን ነው ያ? ካርድ? እኔ አልጽፍም፤ ከጻፍሽላቸው ይለምዳሉ።» ቀጥላ ግን እጇን ዘረጋች። «በሉ ስጡኝ። የካርዱ መክተቻ ሳጥን የት እንዳለ አታውቁትም። አሥራ ሰባት ጊዜ ተሳፍሬያለሁ እኮ!»

ሰጠናት። ለአፍ ዳገት የለውም ይባላል፤ ለእንደኔ ዓይነቱ ግን አፍ መክፈቱ ራሱ ዳገት ነው። ሳጥኑ ያለው እንግዳ መቀበያው ጋ ነው፤ በየቀኑ አልፈዋለሁ። ይህንኑ መናገር ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ።

በዚያ ምሽት ሻንጣ ሁሉ ተዘግቶ ከየክፍሉ በር ውጭ እንዲቀመጥ ታዘዘ፤ ሠራተኞች ሰብስበው ወደብ ላይ ያወርዱታል። ኖሊን የምትጠብቃት ሰዓት ይህች ናት። ሁሉን ጠቅልላ፣ ሁሉን ሰክታ፣ እጀታው ላይ ቢጫ ጥብጣብ አሰረችና፣ «እኛ እጃችንን እያወዛወዝን ነው የምንወርደው» አለች።

ጠዋት ቁርስ ላይ ሜርቭ ከላይ ኮቱን፣ ከታች ባለ መስመር የፒጃማ ሱሪ ለብሶ መጣ።

«ሜርቭ፣ ሱሪህስ?» አለችው ኮራል።

«ሻንጣ ውስጥ ነው።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም። ተጠቅልሏል።»

ኖሊን ዳቦዋን ቅቤ መቀባቷን ቀጠለች። «ማንም አያይህም፤ ፈጠን ብለህ ተራመድ።»

ያን ጊዜ ኮራል ቀጥ ብላ ተቀመጠች። «ኖሊን፣ ካርዶቹን ሳጥኑ ውስጥ ከተትሻቸው?»

ቢላዋው ቆመ። «ሻንጣው ኪስ ውስጥ ናቸው። ምን ታፈጪብኛለሽ? ታች ስንወርድ ይቀበሉናል።»

ሮዴል አጠገቧ ቆሞ ሻይ ይቀዳላት ነበር። ሰምቷል። ስኒውን ሞላው፤ አንድ ጠብታ እንኳ አላፈሰሰም። «መውጫው አዳራሽ ሰማያዊ ጨርቅ የለበሰ ጠረጴዛ አለ» አለ ዝግ ብሎ፣ ለኖሊን ሳይሆን ለኮራል። «እስከ አምስት ሰዓት የኛ ሰው ይቀመጥበታል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው አይቆጠርም።»

ወደ ብሪስቤን ወደብ አዳራሽ የወረድነው ከአራት ሰዓት በኋላ ነው። ሜርቭን ያላየ ሰው አልነበረም፤ አንድ ሕፃን እየጠቆመ ተከተለው። ባለ ቢጫ ጥብጣቡ ሻንጣ ሲገኝ ኖሊን ወለሉ ላይ ከፈተችው። ተጠጥቶ ያላለቀው ጂን ክዳኑን አልፎ ፈስሷል። ሜርቭ ከምሰሶ ጀርባ ሄዶ የለበሰው ሱሪ ጉልበቱ ድረስ አረንጓዴ ነበር፤ በሄደበት ሁሉ ናና ሸተተ። ካርዶቹ በሻንጣው ኪስ ውስጥ ነበሩ፤ የአንዱ ጥግ ብቻ ነው አረንጓዴ የነካው። የኮራል ጽሑፍ ይነበባል።

ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ለአምስት ሩብ ጉዳይ ይላል። ሰማያዊው ጠረጴዛ ወዲያ ማዶ ይታያል፤ ስድሳ እርምጃ ቢሆን ነው። ኮራል ለመውረጃ በተሰጣት ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ነበረች፤ ቦርሳዋም የእኔም በእኔ ትከሻ ላይ።

«ስጪኝ፣ እኔ ላድርሰው» አልኳት።

«አንቺ? አፍሽን ከፍተሽ ሰላም የማትይ! ምን ብለሽ ልትሰጪ? ከኮራል ጋር ቁሚ።» ካርዶቹን ይዛ ሄደች።

ሠላሳ እርምጃ ያህል በትክክል ሄደች። ከዚያ በመስታወቱ በር የመንደራችን አውቶቡስ መቆሙን፣ ሰውም መሰለፍ መጀመሩን አየች። ጭንቅላቷ ሲዞር አየሁት። ከኖሊን ትምህርት አንዱ የአውቶቡስ የፊተኛው ወንበር ነው። ሁለት እርምጃ ወደ ጠረጴዛው፣ አንድ ወደ በሩ ሄደች፤ ቆመች። ኮራል ከጎኔ፣ «ሂጂ፣ ሂጂ፣ ሂጂ» ትላለች በሹክሹክታ። ኖሊን በበሩ ወጣች።

እኔና ኮራል ወንበሩን የሚገፋ ሰው ጠብቀን፣ አውቶቡሱ ውስጥ ስንገባ አምስት ሰዓት አልፏል። ኖሊን ከሹፌሩ ኋላ ተቀምጣለች። ከጎኗ ያለውን ወንበር በቦርሳዋ፣ ከኋላዋ ያለውን ወንበር ደግሞ የሜርቭን ባርኔጣ በልብስ መቆንጠጫ ቆንጥጣበት ይዛዋለች። ሜርቭ አረንጓዴ ጉልበቱን እያየ መተላለፊያው ላይ ቆሟል።

ሙቀቱ ከባድ ነበር። ኖሊን በካርዶቹ ፊቷን ታራግባለች።

«ሰጠሻቸው?» አለች ኮራል። እያየቻቸው ነው የጠየቀችው።

«ሰዓቱ አለፈ እኮ፤ እናንተም ስትንቀረፈፉ! ከቤት በፖስታ እልከዋለሁ። እንዲያውም ቴምብር አለኝ።»

ኮራል ግራ እጇን ዘርግታ የኖሊንን ወንበር ጫፍ ያዘች፤ በመስኮቱም ወደ አዳራሹ አየች። አንዲት ሴት ሰማያዊውን ጨርቅ ከጠረጴዛው ላይ አንሥታ ማዕዘን ከማዕዘን እያገጣጠመች ታጥፋለች። ከላይ የነበረው ካርድ የኮራል ነው። ወደ ኖሊን ፊት ሲመጣና ሲመለስ የተጋደሙት ፊደሎች ይታዩኝ ነበር።

«ቁጭ በሉ እንጂ» አለች ኖሊን። «ኋላ ላይ ቦታ አለ።»