አምስት ሲሲ ያዘዝኩ ዕለት

የጤና ባለሙያዎቻችን ችግር የሥነ ምግባር ጉድለት ነው ይባላል። አይደለም። ችግራቸው ጨዋነት ነው። በታክሲ ሰልፍም በለቅሶ ቤትም ስለ ክፉ ነርስ የሚወራውን ሁሉ ሰምቻለሁ፤ ልጅ የሚገድል ጨዋነት ግን በዓይኔ አይቻለሁ። ደግነቱ ልጁ አሻንጉሊት ነበር።

ታናሽ እህቴ በጠና የታመሙ ሕፃናትን የሚንከባከቡ ነርሶችን ታሠለጥናለች። አንድ ቅዳሜ ካዛንቺስ፣ ሰፈሩ ሲፈርስ ከተረፉት ሕንፃዎች በአንዱ ሥልጠና ነበራት። አንጋፋ ሐኪም ሆኖ የሚተውንላት ሰው ሳይመጣ ቀረባትና ለእኔ ደወለች።

«እኔ እኮ መርፌ ሳይ የሚያዞረኝ ሰው ነኝ» አልኳት።

«ማን ውጋልኝ አለህ? ሽበት አለህ፣ ሰው አትሰማም። በቃ፣ ሌላ ምን ያስፈልጋል?»

ነጭ ጋውን አለበሰችኝ። ሥራዬ ቀላል ነበር። አሻንጉሊቱ የስምንት ወር ሕፃን ነው እንበል። ትክክለኛው የመድኃኒት መጠን ግማሽ ሲሲ ነው፤ አልጋው ራስጌ በተለጠፈ ወረቀት ላይ በትልቁ ተጽፏል። እኔ አምስት ብዬ አዛለሁ። ሠልጣኙ እምቢ ካለ ያልፋል፤ ከሰጠ ልጁ ሞተ።

እስከ ምሳ ሰዓት ልጁ አምስት ጊዜ ሞተ። አንዱ ወረቀቱን አየ፣ እኔን አየ፣ አንገቱን ደፍቶ ቀዳ። ሌላዋ «ዶክተር፣ ምናልባት... ለነገሩ እርስዎ ያውቃሉ» ብላ ሰጠች። እንዲህ ያለ አክብሮት ከገዛ ልጆቼ አግኝቼ አላውቅም።

አምስተኛዋ ድምፅዋ በቅጡ የማይሰማ ወጣት ነበረች። እሷም ቀድታ ሰጠች። ምሳ ላይ እህቴ ነገረችኝ፤ «ይቺ ሰኞ ፅኑ ሕሙማን ሕፃናት ክፍል ልትገባ ነው። ዛሬ እምቢ ማለት ካልቻለች አልፈርምላትም። እዚያ አሻንጉሊት የለም።»

ከምሳ በኋላ ልጅቷ ራሷ ድገሙኝ ብላ መጣች። አምስት ሲሲ አዘዝኩ።

«ዶክተር፣ ወረቀቱ ግማሽ ነው የሚለው።»

«አንቺ ልታስተምሪኝ ነው? ስንት ዓመት እንደሠራሁ ታውቂያለሽ?» ይህን እንድል ማንም አላዘዘኝም፤ ከራሴ አፍ ወጣ።

«አላውቅም። ልጁ ግን ስምንት ወሩ ነው። አልሰጥም።»

«እንግዲያው አምጪው፣ እኔ እሰጣለሁ።»

ሲሪንጁን ኪሷ ከተተችው። «ለእርስዎም አላቀብልም።»

ጆሮዬ ጋለ። ትወና መሆኑን ረሳሁት። ዕድሜ ልኬን ለአለቃ አትስገዱ እያልኩ የጻፍኩ ሰውዬ፣ አንዲት ነርስ እምቢ ስላለችኝ «ያልተቀጣች» የሚል ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጥኩት። የማዕረግ በሽታ ለመያዝ የሕክምና ትምህርት እንደማያስፈልግ ያን ጊዜ ገባኝ፤ የግማሽ ቀን ጋውን ይበቃል።

ለሻይ ስንወጣ ልጅቷ ለእኔ የቀዳችውን ብርጭቆ በሁለት እጇ ይዛ ጎንበስ አለች። «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ደፈርኩዎት።»

እህቴ ከወዲያ ማዶ «እንዳትቀበላት» አለች።

«አልቀበልም» አልኳት። «ይቺን ይቅርታሽን ሰኞ ይዘሻት እንዳትገቢ።»

«ሻዩንስ?»

ሻዩን ተቀበልኩ። የማለፊያ ወረቀቷ ተፈረመላት።

እኔን የሚያሳስበኝ ከእንግዲህ እሷ አይደለችም፤ እኛ ነን። አባት ሆነን፣ አያት ሆነን አልጋው ዙሪያ የምንቆመው እኛ፣ ነርሷ ለሐኪሙ አልታዘዝም ስትል ደንግጠን «ተይ እንጂ ልጄ፣ ትልቅ ሰው ነው» የምንለው እኛ። ስለዚህ የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው፤ ያን ቀን አፋችሁን ዘግታችሁ ተቀመጡ።