ዘርፍ ፍለጋ ወደ አንኮበር

ከአዲስ አበባ የወጣነው ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። የዕቅድ ባለሙያ ነኝ። ደብረ ብርሃን ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ የብርድ ልብስ ፋብሪካ ሊተክል ከመጣ የውጭ ባለሀብት ጋር ሆኜ፣ ለአሥር ዓመቱ ዕቅድ አንድ ሠንጠረዥ ልሞላ ነበር። «ክር» ከሚለው ፊት ለፊት ወይ «ከአገር ውስጥ» ወይ «ከውጭ» ተብሎ ይጻፋል። የሸዋ ልጅ ነኝና፣ በበግ አገር ተቀምጠን ክር በመርከብ ሲመጣ ማየት ያንገበግበኛል።

ጫጫ ላይ ትኩስ ዳቦ በሻይ በልተን ቀጠልን።

ደብረ ብርሃን፣ ሦስት ሰዓት

ብርዱ አይጣል ነው! ቢሆንም ወጣቶቹ ባጃቸውን አንጠልጥለው ወደ ፋብሪካዎቹ ሲገቡ ሳይ ደረቴ ተነፋ። ባለሀብቱ ግን ከገበያ የተገዛውን የበግ ፀጉር አሸት አሸት አደረገና፣ «ይኮሰኩሳል፤ ክሩን ከውጭ አስገባለሁ» አለኝ።

«የአንኮበርን የበግ ፀጉር ፈታዮች ሳያዩ አይወስኑ» ብዬ ለመንኩት። እያመነታ እሺ አለ።

አንኮበር፣ አምስት ሰዓት ተኩል

የገብሱን ማሳ አልፈን ጉም ውስጥ ገባን። የፈታዮች ማኅበር ሰብሳቢዋ እትዬ አስካለ የገብስ ቆሎ አቀረቡልን። እኔም በቢሮዬ ቋንቋ፣ «እትዬ፣ ዘርፋችሁ ምንድን ነው?» አልኳቸው።

«ዘርፉ? ቆይማ!» ብለው ጓዳ ገቡና አንድ ባና፣ የበግ ፀጉር ብርድ ልብስ፣ ይዘው ወጡ። ጫፉ ላይ የተንጠለጠለውን የክር ዘርፍ ዘርግተው፣ «ይኸው!» አሉ።

በሳቅ ልሞት! እኔ የጠየቅኩት ሥራቸው ግብርና ይሁን ማኑፋክቸሪንግ ነው። ባለሀብቱ ግን አልሳቀም። ዘርፉን ዳሰሰው፤ ጉንጩም ላይ አደረገው።

«ይሄ ክር ከውጭ የመጣ ነው?» አለ። ተረጎምኩላቸው።

«ምን ነካው! የጠቦት የመጀመሪያ ሽልት ነው እንጂ። ፊት የሚነካው ዘርፉ ስለሆነ ለስላሳውን ለሱ እናደርጋለን። ገበያ አናወጣውም፤ ማን ጠይቆን!»

«እንዲህ ያለውን ፀጉር በሙሉ ልግዛ» አለ። ልቤ በደስታ ዘለለች። እትዬ አስካለ ግን ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ፀጉሩንስ አንሰጥም። ፈትለን ክሩን እንሰጠዋለን። እሱ ፀጉሩን ወስዶ እኛ እጃችንን አጣጥፈን ልንቀመጥ ነው?»

ያሉትን ተረጎምኩለት። ተቀይሞ ቢነሳስ? ባለሀብቱ ከቆሎው እፍኝ ዘግኖ ቆረጠመ። በኋላ፣ ለሙከራ የሚሆን ክር መቼ እንደሚያደርሱለት ጠየቀ። ክር ነው ያለው፤ ፀጉር አላለም!

አዲስ አበባ፣ ምሽት

ቤቴ ገብቼ ጫማዬን ሳላወልቅ ሠንጠረዡን ከፈትኩና «ከአገር ውስጥ፣ በሙከራ» ብዬ ጻፍኩ። ስንት ዓመት ሙሉ እነዚህን ሴቶች ሳልጠይቅ «ጥሬ ዕቃ አቅራቢ» እያልኩ ስመድብ መኖሬ አሳፈረኝ፤ በእነሱ ግን ኮራሁ። እንዲህ ያለ ዜናማ አያድርም ብዬ ለእትዬ አስካለ ደወልኩላቸው።

«እትዬ፣ ማኑፋክቸሪንግ ውስጥ አስገባኋችሁ!»

«እኛማ ድሮም እዚያው ነን» አሉኝ፤ «እናንተ ናችሁ አሁን የደረሳችሁት።»